ጭኖ የሚመጣ መኪና

ሰመራ ላይ፣ መምህራን በሚሠለጥኑበት ኮሌጅ የሕፃናት ዕድገት ሥነ ልቦና አስተምር በነበረበት ዘመን፣ የገዛ ልጄ ሦስት ዓመት ሞልቷት አንዲት ቃል ከአፏ ወጥታ አታውቅም። ልጅ በስንት ወሩ ይቀመጣል፣ መቼ ይድሃል፣ መቼ ሁለት ቃል አጣምሮ ይናገራል፤ ይህን ሁሉ ጥቁር ሰሌዳ ላይ እየጻፍኩ ሌላውን አሠለጥናለሁ። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች የሚባለው ለእኔ ነበር። አንድ ቀን አንዲት ተማሪ እጇን አውጥታ፣ በሦስት ዓመቱ ያልተናገረ ልጅስ ምን ይባላል ብላ ጠየቀችኝ። ልጅ ከልጅ ይለያያል አልኳትና ሰሌዳውን ማጥፋት ጀመርኩ። ገና ጽፈው ያልጨረሱትን ነበር ያጠፋሁባቸው።

የምንኖረው እዚያው አጠገብ፣ ሎጊያ ነው፤ ከጅቡቲው መንገድ ዳር፣ ከአንዲት የወሎ ሴት ጓሮ ቤት ተከራይተን። ሴትዮዋ ከፊት ለፊት ምግብ ቤት አላት። ባለቤቴ የተሳቢ ሾፌር ነው፤ ባዶውን ወደ ጅቡቲ ሲወርድ አንድ አዳር፣ ጭኖ ሲመለስ አንድ አዳር እኛ ጋ ያርፋል። ልጄ እንደ አገሩ ሰው ሁሉ በሙቀቱ ሰዓት ሲሚንቶው ላይ ተዘርግታ ነው የምትውለው። ከጅቡቲ ጭኖ የሚመጣ መኪና ገና ሳይታይ ቀና ትላለች፤ እኛ ልብ ሳንል እሷ በሩ ላይ ደርሳለች። የአባቷ ሆኖ ሲገኝማ ቤቱ በሳቅ ይሞላል። ባዶውን ሲወርድ ግን ደጃፉ ድረስ መጥቶ ክላክስ ቢያደርግላትም ዞር ብላ አታየው።

ልትሄድ ነው ብላ አኩርፋህ ነው እለዋለሁ። ይህን ስለው ደስ ይለው ነበር። ይባስ ብዬ፣ በወላጅና በልጅ መካከል ስላለው ትስስር ሳስተምር ይህንኑ ለክፍሉ ተርኬዋለሁ፤ ልጅ መለየት እንደሚመጣ እንዴት ቀድሞ እንደሚያውቅ ማስረጃ አድርጌ። ተማሪዎቹ ደብተራቸው ላይ ጻፉት። ጤና ጣቢያ ስወስዳት ደግሞ ባለሙያው ትሰማለች ወይ ሲለኝ ሳቅኩበት። ከእኔ ቀድማ መኪና የምትሰማ ልጅ ናት አልኩት። እሱም አመነኝ፤ አስተማሪ ነኛ።

መስማቷ ካላጠራጠረ ጥፋቱ የእኔ ነው ማለት ነው። መጽሐፉ፣ ልጅ ቋንቋ የሚማረው ከሚያናግረው ሰው ነው ይላል፤ እኔ ቀኑን ሙሉ የለሁም፣ አባቷ መንገድ ላይ ነው። ስለዚህ ማውራት ጀመርኩ። ከሰርቪስ ወርጄ ቤት ከገባሁ ጀምሮ እስክትተኛ አወራለሁ። ይኼ ማንኪያ ነው፣ ይኼ ውሃ ነው፣ ውሃ በይ፣ በይ እንጂ እማዬ። አፌን ትኩር ብላ ታያለች፣ የሷንም ትከፍትና ትዘጋለች፣ ድምፅ ግን የለም። ጉሮሮዬ ተላጠ። ጸበል አጠጣኋት። አከራያችን ውሃ ላይ ቁርአን አስቀርታ ይዛልኝ መጣች፤ እሱንም አጠጣኋት። መጽሐፉ ደግሞ እነዚህ የመጀመሪያ ዓመታት ካመለጡ ቋንቋ እንደ ልብ አይያዝም ይላል። ይህንንም አስተምራለሁ፣ ፈተናም አወጣበታለሁ። ልጄ ሳትናገር ልታድግ ነው፣ ያስቀረኋትም እኔ ነኝ ብዬ ከልቤ አምኜ ነበር፤ አንዳንዴ ክፍል ከመግባቴ በፊት ሽንት ቤት ገብቼ አለቅሳለሁ።

ነገሩ የመጣብኝ ስለ ምርምር ዘዴ ሳስተምር ነው። ሁለት ነገሮች ሁልጊዜ አብረው የሚመጡ ከሆነ፣ ልጁ ለየትኛው እንደተነሣ በማየት ብቻ አናውቅም፤ አንዱን አስቀርተን በሌላው ብቻ መሞከር አለብን እያልኩ ነበር። ለምሳሌ አልኩና ቆምኩ። ቤታችን ቡፌው ላይ ያሉት ብርጭቆዎች ትዝ አሉኝ። ጭኖ የሚመጣ መኪና ሲያልፍ ይንቀጠቀጣሉ፤ ባዶው ሲያልፍ ዝም ይላሉ። ሲሚንቶውም እንደዚያው ነው። ጠመኔውን አስቀምጬ ትምህርቱን አቋርጬ ወጣሁ።

ባለቤቴ ጭኖ የመጣ ዕለት፣ ገና ፊቱን ሳይታጠብ ያሰብኩትን ነገርኩት። አልወደደውም። እሱም ራሱ ዘግይቶ እንደተናገረ እናቱ ይነግሩት እንደነበር አነሣብኝ።

«ተይው በናትሽ» አለኝ። «ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል።»

አልተውኩትም። ጓሮው ውስጥ ሁለት ፍራሽ ደራርቤ አነጠፍኩና ልጄን ጀርባዋን ወደ መንገዱ አዙሬ አስቀመጥኳት። የተምር ፍሬ ወደ ጣሳ እየጨመረች መጫወት ያዘች። እሱ ከአጥሩ ማዶ መኪናው ላይ ወጥቶ፣ ሞተሩን ሳያስነሣ ክላክሱን ለቀቀው። ፍየሎች ደነበሩ። አከራያችን ጆሮዋን ይዛ ከምግብ ቤቱ ወጣች። ልጄ አንድ ፍሬ ጣሳው ውስጥ ጨመረች፤ ከዚያ ሌላ።

ድገመው አልኩት፤ ደገመው። ከዚያ ከፍራሹ አንሥቼ ባዶው ሲሚንቶ ላይ አስቀመጥኳትና ጠበቅን። ጭነት የያዘ ቦቴ፣ ያለ ምንም ክላክስ፣ ከጅቡቲ በኩል መጣ። ጣሳዋን ትታ ቀና አለች። መዳፏን ሲሚንቶው ላይ ጫን አደረገችና ወደ መንገዱ ዞረች።

የምርምር ውጤት እንዲህ ጥርት ብሎ ወጥቶልኝ አያውቅም። ሦስት ዓመት ሙሉ ያወራሁት ሁሉ፣ እሽሩሩው፣ ስሟም ሳይቀር፣ አንዱም አልደረሳትም። አባቷንም አኩርፋው አታውቅም። ባዶውን ሲመጣ ደጃፉ ላይ መቆሙን አላወቀችም፣ በቃ።

እሱ እጁን እንደገና ክላክሱ ላይ አድርጎ ነበር፤ አላነሣም። በረዥሙ ከተጫነው የሚደርሳት ይመስል ይዞ ቀረ። ሾፌሮች ከምግባቸው ተነሥተው ወጡ። አከራያችን የመኪናውን በር ከፍታ እጁን ያዘችው።

«አብሽር የኔ ልጅ» አለችው። «አላህ ያያል። በቃ።»

ድምፁ ሲቆም እኔ ሲሚንቶው ላይ ተቀምጬ ስቅስቅ ብዬ አለቅሳለሁ። ልጄ ጣሳዋን ይዛ መጥታ ጭኔ ላይ ወጣች፤ መዳፏንም ደረቴ ላይ አደረገች። ልቅሶው ደረቴን ያንቀጠቅጠው ነበር። ትንሽ ቆየች፣ ፈገግ አለች፣ ከዚያም ከጭኔ ወርዳ ወደ በሩ ሮጠች፤ ጭኖ የሚመጣ መኪና መስሏት።