ጥላ ሲያርፍበት የሚወርድ ድምፅ

እናቴ ካረፈች በኋላ ከወልድያ ሥራዬ ተመልሼ መርሳ ከተማ ያለውን ቤታችንን ስከፍት የሚቀበለኝ ድምፅ አልነበረም። ራዲዮ ሞከርሁ፤ ለሁሉም የሚናገር ነገር ለእኔ የተናገረ አልመሰለኝም። በዩኒቨርሲቲ የተማርሁትን ኤሌክትሮኒክስ አስታውሼ በቮልቴጅ የሚታዘዝ ትንሽ ሲንተሳይዘር፣ በኤሌክትሪክ ዜማ የሚያወጣ መሣሪያ፣ በእጄ ለመሥራት ተነሣሁ።

የምሻው እንደ አምባሰል ዜማ ከአንዱ ቃና ወደ ሌላው ሳይቆረጥ የሚንሸራተት ድምፅ ነበር። ለዚህ የሚሆን ኦፕቶካፕለር መምረጥ ነበረብኝ፤ በአንድ ወገን ትንሽ መብራት፣ በሌላው ብርሃን የሚያይ ዓይን ያለው፣ ሁለቱ ሳይነካኩ የሚግባቡበት ዕቃ ነው። መጀመሪያ ከተበላሹ የስልክ ቻርጀሮች የፈታኋቸውን ባለ አራት እግር ኦፕቶካፕለሮች ሞከርሁ። እጅግ ፈጣኖች ናቸው፤ መብራቱ ሲጠፋ ድምፁም ወዲያው ይቆረጣል። ቀጥሎ ሲመሽ በራሳቸው ከሚበሩ የአጥር መብራቶች ዓይኖቹን አወጣሁ። እነዚህ ብርሃኑ ከጠፋ በኋላም ቶሎ አይረሱትም፤ ድምፁ ቀስ እያለ ይወርዳል። እነርሱን መረጥሁ።

እያንዳንዱን ዓይን ከአንድ መብራት ጋር ፊት ለፊት አድርጌ በቴፕ ጠቀለልሁ። እንዳይምታቱብኝ ለአንዱ ቀይ፣ ለአንዱ ሰማያዊ፣ ለአንዱ ቢጫ ቴፕ ሰጠሁ። በዚህ ጥንቃቄዬ ረክቼ ነበር። ሆኖም ጠዋት ያስተካከልሁት ቃና ከሰዓት በኋላ ይዛነፋል። ብየዳውን ደጋግሜ መረመርሁ፤ እንከን አጣሁበት።

አንድ ቅዳሜ በሩን ከፍቼ መሣሪያውን ሳስጮህ፣ ከለቅሶው ሰሞን ወዲህ ደጄን ያልረገጡ አሮጊት ጎረቤቴ እየተጣደፉ መጡ።

«ምነው ልጄ፣ ደግሞ ማን ሞተብሽ?»

«ማንም አልሞተም፣ እማማ። ይህ የሠራሁት መሣሪያ ነው።»

«ወላሂ፣ ለቅሶ መስሎኝ ወጤን እሳት ላይ ጥዬ መጣሁ!»

ይህን እያሉ ወደ ውስጥ ሲራመዱ ድምፁ ወረደ። ደንግጠው ወደ ኋላ ሲሉ መልሶ ወጣ።

«ምን ሆነ? ፈራኝ እንዴ?»

ያን ጊዜ ገባኝ። በቢጫው ቴፕ የደጁ ብርሃን ዘልቆ ይገባ ኖሯል።

«ጥላዎን አይቶ ነው» አልኋቸው።

«አይ፣ እንግዲያ ካንቺ ይሻላል! እኔ በደጅሽ ስንቴ ሳልፍ አንድ ቀን ቀና አላልሽም» ብለው ሳቁና ወጣቸው ሳያርርባቸው ሄዱ። ይግቡና ይቀመጡ ለማለት አፌ እስኪፈታ፣ ከአጥሩ ማዶ ደርሰው ነበር።

በማግሥቱ ቀዩንና ሰማያዊውን በጥቁር ቴፕ ደግሜ ጠቀለልሁ። ቢጫውን እንዳለ ተውሁት፤ መሣሪያውንም ወደ በሩ አዞርሁት። አሁን ከሰዓት በኋላ በሩን ከፍቼ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጌ እሠራለሁ። ትናንት ቃናው ሳላስበው ቀስ እያለ ወረደ። ብየዳዬን ጥዬ፣ «ይግቡ፣ እማማ» እያልሁ ተነሣሁ።

ደጁ ላይ ማንም አልነበረም። ደመና ፀሐይዋን ሸፍኗት ነበር። በሩን እንደተከፈተ ትቼ ተመልሼ ተቀመጥሁ።