እግሬን ሊጠይቁ የመጡ ሰዎች

እግሬ የተሰበረው ለአብዮት በዓል ትርኢት ስንለማመድ ነው። አሥራ አምስት ዓመቴ ነበር። የጉለሌ ልጆች ከሽሮ ሜዳ በታች ባለ ሜዳ ላይ እንሰበሰባለን፤ ወንዶቹ ትከሻ ለትከሻ ይደራረባሉ፣ ክብደት የሌላት ልጅ ከላያቸው ቆማ ባንዲራ ታውለበልባለች። ክብደት የሌላት እኔ ነበርኩ። ከታች ከቆሙት አንዱ ጉልበቱ ከዳው፤ ሁላችንም ተናድን። እኔ ያረፍኩት ድንጋይ ላይ ነው።

እናቴ ወጌሻ ይጠራ አለች። ጎሚስታ ቤት ይሠራ የነበረው አባቴ ግን የአለቃውን መኪና ለምኖ ሆስፒታል ወሰደኝ። ቀኝ እግሬን ከጭኔ እስከ ጣቶቼ በጄሶ ጠቅልለው መለሱኝ። የወላጆቼ አልጋ በሩ አጠገብ ተዘርግቶ እዚያ ተኛሁ፤ እነሱ ፍራሽ መሬት ላይ አነጠፉ።

ያኔ ቤተ ክርስቲያናችን ታሽጎ ነበር። ጴንጤዎች ተሰብስበው ከታዩ ይታሰራሉ፤ ስለዚህ በየቤቱ ተደብቀን ነበር የምንጸልየው። በሽተኛ መጠየቅን ግን የሚከለክል አልነበረም። ከሆስፒታል በተመለስኩ በማግስቱ፣ ጸሎቱን የሚመሩልን አንድ አዛውንት ሸማኔ ብርቱካን ይዘው መጡ። በሳምንቱ ሌሎችን አስከትለው መጡ። ከዚያ በኋላ እሑድ ከሰዓት ቤታችን ይሞላ ጀመር።

መጀመሪያ ስለ እግሬ ይጸለያል፤ ስለ ቀረው ነገር የሚጸለየው ከዚያ በኋላ ነው። መዝሙሩ በሹክሹክታ ነበር። ሸማኔው ዜማውን በጣታቸው ጄሶዬ ላይ ይመታሉ። ቆዳዬ ምንም አይሰማውም፣ ድምፁ ብቻ ይመጣልኛል። ሰው ሁሉ ዓይኑን ሲጨፍን እኔ ፊታቸውን አያለሁ። ለእኔ ብለው የመጡ ይመስለኝ ነበር።

አንድ እሑድ በሩ ተንኳኳ። የቀበሌው የወጣት ማኅበር ሊቀ መንበር ነበር፤ ያንን ትርኢት ያሠለጠነን እሱ ነው። ሸማኔው መጽሐፍ ቅዱሱን ብርድ ልብሴ ውስጥ ከተቱት። እንግዳው ብስኩት ይዞ ገባና፣ ሌላ መቀመጫ ስላልነበረ አልጋዬ ጫፍ ላይ፣ ከመጽሐፉ አንድ ክንድ ርቀት ላይ ተቀመጠ። እንዴት ነሽ አለኝ፤ ደህና ነኝ አልኩት። ሸማኔውን ዘመድ እንደሆኑ ጠየቃቸው። ጎረቤት ነኝ አሉት። እናቴ ሻይ አቀረበችለት። ሻዩን እየጠጣ ግድግዳውን ተደግፈው የቆሙትን አንድ በአንድ አያቸው።

አባቴ ሊሸኘው ተነሣ። አልጋዬ በሩ ሥር ስለነበር ንግግራቸውን ሰማሁ።

«ጋሼ፣ ጠያቂ ሲበዛ በሽተኛ ይደክማል» አለው። «ተራ በተራ ቢመጡ ይሻላል።»

አባቴ እሺ አለ። ሰውየው ይህን ያለው በእግሬ ተጸጽቶ ይሁን፣ ወይስ ከእኛ ወገን የሆነ ዘመድ ኖሮት፣ እስከ ዛሬ አላውቅም። ከዚያ በኋላ ሰዎቹ ሁለትም ሦስትም እየሆኑ፣ በተለያየ ቀን ይመጡ ጀመር። በዓሉ ያለ እኔ ተከበረ፤ ሌላ ልጅ እላይ ቆመች አሉ።

ጄሶው ሲፈታ እግሬ ቀጥኖ፣ ቆዳው እየተቀረፈ፣ የሌላ ሰው እግር መስሎ ነበር። እናቴ ለተወሰነ ጊዜ አልጋው ላይ ብትቆይ ምን ይመስልሃል ብላ አባቴን ጠየቀችው። ስለ እግሬ ብቻ እንዳላሰበች ሦስታችንም ገብቶናል።

«ልጄ ድናለች» አለ አባቴ። «የዳነችውን ታማለች እያልኩ ቤቴ ጸሎት አላስደርግም።»

አልጋው ወደ ቦታው ተመለሰ፤ ጠያቂዎቼም ቀሩ። የሚቀጥለው እሑድ በምርኩዝ በር ላይ ቆሜ ጠበቅኩ፤ ማንም አልመጣም። የት ሄዱ ብዬ እናቴን ስጠይቃት፣ ከወንዙ ማዶ አንዲት እህት ወልዳለች፣ አራስ እየጠየቁ ነው አለችኝ። ነጠላዋን ለብሳ ልትወጣ ስትል ተከተልኳት። ቁልቁለቱ ላይ ክንዴን ያዘችኝ።

ሁሉም ሕፃኑን ከበው ነበር። ሸማኔው እግርሽ ጸናልሽ ወይ አሉኝና መልሴን ሳይጠብቁ ወደ አራሷ ዞሩ። አንዲት ሴት ጠጋ ብላ ቦታ ሰጠችኝ። ከፋኝ፤ ለምን እንደከፋኝ ግን ለማንም ልነግር የምችለው አልነበረም። ጥቂት ቆይቼ መዝሙሩን አብሬ ጀመርኩ። ሕፃኑ ያለ ማቋረጥ ስለሚያለቅስ፣ ያን ቀን ከእኛ ቤት ይልቅ ድምፃችንን ትንሽ ከፍ አድርገን ዘመርን።