የስድስት ወር እገዳ

ሽማግሌ ሆኜ በተመረጥኩበት ዓመት፣ ሸጎሌ ባለችው ቤተ ክርስቲያናችን ከእኔ በላይ ሕግ የሚያውቅ ያለ አይመስለኝም ነበር። ማን ሰርግ ላይ ጠላ እንደቀመሰ፣ ማን ከማን ጋር መኪና ውስጥ እንደታየ ሳልሰማ አላድርም። ሰዎች ሲያዩኝ ወሬያቸውን ያቋርጣሉ። እኔ ጅሉ ይህንን እንደ ክብር እቆጥረው ነበር።

ከኳየሩ አንዲት እህት ነበረች። ጳውሎስ አካባቢ አንድ ፋርማሲ ውስጥ ትሠራለች፤ ቤቷ ከወላጆቼ ቤት ጋር አጥር ለአጥር ነው። እናቷ ኦርቶዶክስ ነበሩ። ሲሞቱ ዘመዶቿ ተዝካር አወጡ፣ እሷም በላች። በእኛ ዘንድ ደግሞ ለሙት መታሰቢያ ከተዘጋጀ ማዕድ መብላት ክልክል ነው። ወሬው ጆሮዬ እንደደረሰ ሽማግሎች ፊት አስጠራኋት።

አልካደችም። አክስቷ እያለቀሱ እንዳጎረሷት፣ እጃቸውን መመለስ እንዳቃታት ተናገረች። ሌሎቹ ሽማግሎች መክረው ሊያልፏት ፈልገው ነበር።

«አፍሽን መዝጋት ነበረብሽ» አልኳት።

ስድስት ወር ከኳየርም ከጌታ እራትም እንድትታገድ ተወሰነ። ስድስት ይሁን ያልኩት እኔ ነኝ። የጌታ እራት ለእሷ ምን እንደሆነ ደግሞ አውቅ ነበር፤ ለዚያች እሑድ ስትል ከሥራ ባልደረቦቿ ጋር ፈረቃ የምትቀያየር ሰው ናት። ስታለቅስ አይቼ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ይህን ስጽፍ ፊቴ ይቃጠላል።

ሁለት ወር ሳይሞላ አባቴ አረፈ። በአርባው፣ እናቴም ኦርቶዶክስ ናትና፣ ድንኳን አስተክላ ተዝካር አወጣች። እንግዳ ተቀብዬ ብቻ እመለሳለሁ ብዬ ሄድኩ። ያቺ እህት ከዕድሩ ሴቶች ጋር ሆና ታስተናግድ ነበር፤ ከጠዋት ጀምራ ጎንበስ ቀና ስትል ውላ አንዳች አልቀመሰችም። ሴቶቹ ብይ እያሉ ሲለምኗት ቅጣት ላይ ነኝ ስትል በጆሮዬ ሰማሁ።

ከሰዓት ላይ እናቴ ጥቁሯን እንደለበሰች መጥታ ከፊቴ ቆመች። ጠቅልላ የያዘችውን ጉርሻ ወደ አፌ ዘረጋች።

«ለአባትህ ስትል» አለችኝ።

አፌን ከፈትኩ። ውጬ ቀና ስል ያቺ እህት የውሃ ጆግ ይዛ አጠገባችን ናት። ዓይን ለዓይን ተጋጠምን። ውሃ ቀዳችልኝና ወደ ሌላው እንግዳ አለፈች።

የጌታ እራቱ እሑድ እስኪደርስ እንቅልፍ አልነበረኝም። ለሽማግሎቹ ብናገር እኔም እንደ እሷ ታግጄ ኋላ ወንበር ላይ ልቀመጥ ነው፤ የእሷን ቅጣት አንሡላት ብል ደግሞ ምን ነካህ ብለው ይጠይቁኛል። እውነቱን ለመናገር ከእግዚአብሔር ይልቅ የሰው ዓይን ነው ያስፈራኝ። ዝም አልኩ።

እሑድ ኅብስቱን የማደሉ ተራ የእኔ ነበር። ዓይኔን በጨው አጥቤ ትሪውን ይዤ በየወንበሩ ዞርኩ። መጨረሻ ላይ እሷ ጋ ደረስኩ። ትሪውን እንደያዝኩ ቆምኩ። አንዲት ቃል ብትናገር የሽምግልናዬ ነገር እዚያው ያበቃ ነበር። እሷ ግን ቀና ብላ አየችኝና ሰው እንዳይሰማ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ጋሼ፣ እንዳይቸገሩ፤ ይለፉኝ።»

አለፍኳት። ወደ መድረኩ ተመልሼ ድርሻዬን በላሁ።