የራሱን ደንብ ይዞ የገባ ቁራጭ

በገና ሰሞን ላሊበላ ሰው ሰውን ይውጣል። ያን ዓመት የጠፉ ተሳላሚዎችን ከዘመዶቻቸው በምናገናኝበት ድንኳን ኮምፒውተሩ ላይ የተቀመጥኩት እኔ ነበርኩ። የጠፋ ሰው ያገኙ በስልክ መልእክት ይልኩልናል፤ በፐርል ቋንቋ የጻፍኳት አጭር ፕሮግራም ደግሞ ከመልእክቶቹ መካከል የጠፋው ሰው የመጣበትን አገር ትፈልጋለች። ፐርልን ያስተማረኝ የለም፤ ግጥምንም እንደዚያው።

ረፋዱ ላይ አንዲት እናት ከይምርሐነ ክርስቶስ አካባቢ መጡ። ባላቸው ከትናንት ጀምሮ ጠፍተዋል። የባልየው የልብ መድኃኒት ግን እናትየዋ መቀነት ውስጥ ነው።

ፈለግሁ። «የለም፣ እማማ።»

«እስቲ ደግመህ ጠይቀው፤ አልሰማህ ይሆናል።»

ደገምኩ፤ የለም። «ይኸ ሳጥንህ ከባሌ ይብስ ደንቆሮ ነው» አሉ። ሰው ሳቀ። እሳቸው ግን መቀነታቸውን እየዳበሱ ያዩኝ ነበር።

ጨነቀኝ። ፕሮግራሙን ትቼ መልእክቶቹን አንድ በአንድ በዓይኔ ማንበብ ጀመርኩ። ነበረ! ከይምርሐነ ክርስቶስ የመጡ ሽማግሌ ጋሸና ከተማ አንድ ምግብ ቤት ተቀምጠዋል ይላል፤ በላቲን ፊደል፣ ሁሉም በትልልቁ። ወደ ላኪው ደወልኩና ባልየው ሲቀርቡ ስልኩን ለእማማ ሰጠኋቸው።

«አንቱ! ገናው እዚህ፣ እርስዎ ጋሸና?»

ባልየው ሊያርፉ የቆመ የጭነት መኪና ላይ ወጥተው እንቅልፍ ሲጥላቸው መኪናው ይዟቸው ሄዶ ኖሯል። «ሽሮው ግን ጥሩ ነው» ሲሉ ለእኔም ተሰማኝ። መድኃኒቱን የሚያደርስ መኪና ተገኘ።

እኔ ግን አልረጋሁም። ፕሮግራሟ ለምን አለፈችው?

በእኛ ፊደል እንደ ላቲኑ ትልቅና ትንሽ የለም። የአገሮቹን ስም የሚፈልጉትን የፕሮግራም ቁራጮች አስቀድሜ ለየብቻ ሳዘጋጅ የላቲኑን በትንንሹ ፊደል ብቻ ጽፌ ተውኩት። ኋላ በዋናው ፍለጋ ውስጥ ከተትኳቸውና «ትልቅና ትንሽ ፊደል አትለይ» የሚለውን ትእዛዝ ከዋናው መጨረሻ ላይ አኖርኩ። ግጥም ላይ የተዋሰከው ስንኝ የገባበትን ዜማ ይይዛል፤ ይኸም እንደዚያ መስሎኝ ነበር። አይደለም። አስቀድሞ የተዘጋጀ ቁራጭ የራሱን ደንብ ይዞ ይገባል፤ የውጭው ትእዛዝ የሚገዛው ከቁራጩ ውጭ የተጻፈውን ብቻ ነው። ቁራጩን ኮምፒውተሩ ላይ አሳትሜ ሳየው ፊቱ ላይ የጎጆ ጣሪያ የመሰለች ምልክት ነበረች፦ የውጭው ደንብ እዚህ አይገባም ማለት ናት።

ትእዛዙን በየቁራጩ ላይ ጨምሬ ፍለጋውን እንደገና አስነሳሁት። የእማማ ባል መልእክት ወዲያው ወጣ። ተከትለውት ሌሎችም ወጡ፤ ከገነተ ማርያም፣ ከቡግና፣ ከሙጃ። ጠዋት እዚያው ቆሜ «የለም» ብዬ የሸኘኋቸው ሰዎች ፊት መጣብኝ።

«ምን ሆንክ፣ ልጄ? የኔው ተገኝተው የለም እንዴ?»

«ሌሎቹስ፣ እማማ? የለም ብያቸው ሄደዋል።»

የድምፅ ማጉያውን አንስቼ «ስሙ! ስሙ!» ብዬ ጮኽኩ።

«ወዲህ በለው። በዚህ ድምፅህ ሰው ታስደነግጣለህ» አሉና ነጠቁኝ። አገሮቹን እኔ ከጎናቸው ሆኜ አነበብኩላቸው። የመጀመሪያውን ጠሩ። ወደ ድንኳኑ በር አየን። ማንም አልመጣም።

ጉሮሯቸውን ጠርገው ደግመው ጠሩ።