ከባጃጅ የተሠራ ቀኝ እጅ

ከጎባ እስከ ሼክ ሁሴን እንደ እኔ ምት የሚጠብቅ ክራር ደርዳሪ አልተወለደም። እንኳን ሰው፣ የሮቤ የጋሪ ፈረሶች በደጄ ሲያልፉ ኮቴያቸውን በእኔ ክራር ያስተካክሉ ነበር። ይህን ለዓመታት ስናገር ኖሬ ያዋረደኝ አንድ የባጃጅ ዝናብ መጥረጊያ ሞተር ነው።

በየሰርጉ አብረውኝ የዞሩትን ከበሮ መቺ ሽማግሌ ደም ግፊት ጥሏቸው ቀኝ እጃቸው ሰለለ። የመጨረሻ ልጃቸው ደግሞ ልትዳር ነው። ልጠይቃቸው ብሄድ፣ «የሰውን ሁሉ ልጅ በከበሮዬ ድሬ፣ የራሴን ልጅ እጄን አጣጥፌ ልሸኛት?» አሉና ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ።

ለጎረቤቴ ለባጃጅ ጠጋኟ ነገርኳት።

«ወዲያና ወዲህ የሚል ክንድ ነው የጠፋው? ጋራዤ ሙሉ አይደል!» አለች።

ከአንድ የዝናብ መጥረጊያ ሞተር ላይ መጥረጊያውን ነቅላ በምትኩ ጨርቅ የተጠቀለለበት ብትር አሰረች። በባጃጅ ባትሪ አስነሳችው፤ ፍጥነቱንም በስፌት መኪና መርገጫ እንዲታዘዝ አደረገች። ሽማግሌው በእግራቸው ሲረግጡ ብትሩ ወፍራሙን ድምፅ ይመታል፣ እሳቸው በግራ እጃቸው ቀጭኑን ያክሉበታል። ብትሩ ሲመለስ ግን የከበሮውን ጠርዝ ነካ ያደርግ ነበር። ጠጋኟ ልታስተካክለው ስትል፣ «ተይው ልጄ! እሱም የራሱ አመል ይኑረው» አሏት። በዚያች ንክኪ ላይ አዲስ የሰርግ ዜማ ሠራን።

ልምምዱ ላይ ጉድ ፈላ። ዜማው ሳይጋመስ እኔ አንድ ቦታ፣ ከበሮው ሌላ ቦታ።

«ይሄ ማሽን ይዘገያል!» ብዬ ጮህኩ።

«ጋሼ፣ ማሽን ሆድ የለውም» አለች ጠጋኟ። «የሚቸኩለው የሰርግ ሥጋ የሸተተው ነው።»

ሽማግሌው ሳቃቸውን መቆጣጠር አቃታቸው። «ወላሂ እውነቷን ነው! ይሄን ሁሉ ዘመን እየሮጥኩ ስደርስብህ ኖሬያለሁ። ይሄ ብረት ግን ይሉኝታ የለውም።» ወዲያው ሳቁ ጠፋ። «በልጄ ሰርግ ግን እንዳትሮጥብኝ፣ አደራ።»

ጠጋኟ እግሬን አየት አድርጋ፣ «አንድ ሞተር ተርፎኛል» አለች።

የሰርጉ ቀን ጎባ ላይ ዳሱ ጢም ብሏል። ብትሩ ብቻውን ሲነሳ አንድ አዛውንት፣ «ቢስሚላህ! ማነው የሚመታው?» ብለው ወደ ኋላ አፈገፈጉ።

«ቀኝ እጄ ነው» አሉ ሽማግሌው። «ሮቤ ጋራዥ ተኝቶ ታክሞ መጣ።»

ሳቁ ሳያባራ ረገጡት። ከበሮው ጉም አለ፣ ግራ እጃቸው መለሰ፣ እኔ ገባሁ። መጀመሪያ ትከሻ፣ ቀጥሎ ዳሱ በሙሉ ተነሣ። የሳነቴ ቀይ ቀበሮዎች ሳይቀሩ ጆሯቸውን ያቆሙ ይመስለኛል። ሙሽራዋ ከወንበሯ ወርዳ አባቷ ፊት ጨፈረች። እሳቸውም ዕንባቸው እየወረደ መርገጫውን ጠበቅ አድርገው ረገጡት፤ ማሽኑ ፈጠነ፣ እሷም ፈጠነች፤ እኔም ያለ ወትሮዬ አንድም ምት አልሳትኩም።

ሰው ሁሉ ክራሬን አደነቀ። ከወንበሬ ሥር ግን ጠጋኟ በተረፋት ሞተር የሠራችው፣ በዚያው መርገጫ የሚታዘዝ፣ ከከበሮው ጋር እኩል ቁርጭምጭሚቴን የሚመታ ሁለተኛ ብትር ነበር። ዛሬም አለ። ያለ እሱ ምት መጠበቅ አልችልም፤ ሰርግ ስጠራም ሁለት ካልሲ ደርቤ ነው የምሄደው።