የዓሣ ማጥመጃው ሞላ

በጣሊያን ጊዜ ልደታ ሰፈር ሰዓት እጠግን ነበር። አንድ ቀን አንድ ጣሊያን መኮንን የዓሣ ማጥመጃ ክር የሚጠቀለልበት አሮጌ መዘውር አመጣልኝ። ውስጡ ያለችው ትንሽ ሞላ ተሰብራለች፤ ምትኳ በአገሩም እንደማይገኝ በተሰባበረ አማርኛ ነገረኝ።

እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም። ፈታሁት፣ ገጠምኩት፣ ደግሜ ፈታሁት። ሲዞር ሳላየው መመለሱ አልሆንልህ አለኝ። የሰዓት ሞላ ሁሉ ሳሳበት። የሚበቃው አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም ከጎታው ሥር በቀበርኩት የአባቴ ጠመንጃ ውስጥ ነው። ጠመንጃ የተገኘበት ሰው ደግሞ ይሰቀላል።

"ለዓሣ ብለህ ልትሰቀል ነው?" አለችኝ ባለቤቴ። እኔ ግን ቆፍሬ አወጣሁት።

መኮንኑ መጥቶ መዘውሩን ጆሮው ላይ አድርጎ አዞረው። ቀጭ ቀጭ አለ።

"ሞላውን ከየት አመጣህ?"

"ከሰዓት ነው፣ ጌታዬ።"

አተኩሮ አየኝና ሽጉጡን ከወገቡ አወጣ። ወደ ኋላ አፈገፈግሁ። ሽጉጡን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጦ ወደ በሩ ዞር ብሎ አየ።

"የዚህም ሞላ ተሰብሯል" አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "ከዚያው ሰዓትህ ፈልግልኝ። ለአለቃዬ እንዳትነግር።"