ጣፋጩ አፈር

ዳኘው አፈር ቀማሽ ነበር። ሰው ጠላ ይቀምሳል፣ ወጥ ይቀምሳል፤ እሱ ግን ከፍኖተ ሰላም እስከ ጅጋ እየተጠራ የሰው ማሳ ይቀምስ ነበር። ቆንጠር አድርጎ ምላሱ ላይ ጣል ያደርግና ዓይኑን ይጨፍናል። ያኔ መሬቱ በሕልም እንደሚመጣ ዘመድ ይመጣለታል፤ ጤፉ በነፋስ ሲተኛ፣ የበርበሬው አበባ ሲነጣ፣ ከሥር ውኃው ሲያንኮራፋ ይሰማዋል። «ይህ ኮምጣጣ ነው፤ አመድ ይለምናል» ይላል ሲነቃ። «ይህኛው ጨዋ ነው፤ ዳጉሳ ስጡት።» አንድም ቀን ተሳስቶ አያውቅም። ቢያንስ «ተሳስተሃል» ያለው የለም፤ ይህ ደግሞ በአገራችን ካለመሳሳት አይለይም።

ዳኘው ወደ ከተማ አልሄደም፤ ከተማው ነው እየዳኸ ወደ እሱ የመጣው። ዘመኑ የትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ዘመን ነበርና የከተማ ዕድገት የሚለካው በሚውጠው ማሳ ነበር። በመጀመሪያው ክረምት ችካል ተቸከለ። በሁለተኛው ክረምት የዳኘው በቆሎ በነበረበት ላይ «ዘመናዊ ሆቴል ይገነባል» የሚል ሰሌዳ በቀለ። ሆቴሉ ግን እስካሁን አልበቀለም፤ ዘሩ የነቀዘ ነበር መሰል።

ሚስቱ ከሞተች ቆይታ ስለነበር ጓዙን ጠቅልሎ ከልጁ ከእናትነሽ ቤት ገባ። የእናትነሽ ባል ሰሊጥ ሊያጭድ መተማ ወርዶ ነበር፤ እሷ አራት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች።

ከመሬታቸው የተነሡትን ገበሬዎች ቀበሌው በማኅበር አደራጅቶ የጎመን መትከያ ቦታ ሰጣቸው። ቦታው የጋራዥ ጓሮ ነው። ዐሥር ዓመት ሙሉ የሞተ የመኪና ባትሪ እየተፈለጠ፣ በሆዱ ያለው እርሳስ በብረት ድስት እየቀለጠ ይሸጥበት ነበር። ጋራዡ «የከተማውን ገጽታ ያበላሻል» ተብሎ ተነሣ። የጠቆረውን አፈር ግን ማንም ተነሣ አላለውም፤ አፈር ገጽታ የለውማ!

በርክክቡ ዕለት የቀበሌው አስተባባሪ አድማሴ አባላቱን ሰበሰበ። አድማሴ በሪፖርት የሚያስብ፣ በሕልሙም ፐርሰንት የሚያይ ሰው ነው።

«አያ ዳኘው፣ እስቲ ይቅመሱልን። አንቱ ካሉት በኋላ ማን አፉን ይከፍታል!»

ዳኘው ቆነጠረና ዓይኑን ጨፈነ። መጀመሪያ ጎምዘዝ አለው። ቀጥሎ ከወዲያ ማዶ እንደሚመጣ ዘፈን፣ ቀስ ብሎ፣ ጣፋጭነት መጣ። ማር አይደለም፤ ማር ወዲያው ይናገራል። ይህ ዝም ብሎ የሚጣፍጥ ነው። ጤፉን ጠበቀ፤ አልመጣም። አበባውንም፣ ውኃውንም ጠበቀ። የመጣው ጭጋግ ብቻ ነው፤ ነጭ፣ ድምፅ የሌለው፣ የኅዳር ማለዳ የመሰለ ጭጋግ። ሌላ ሰው ቢሆን ይደነግጥ ነበር። ዳኘው ግን ዕድሜውን ሙሉ ሲመሰገን የኖረ ሰው ነውና «መሬቱ ገና ዘር ያላየ ድንግል ነው» ብሎ ተረጎመው።

«እንዲህ ያለ አፈር ቀምሼ አላውቅም» አለ።

አድማሴ አጨበጨበ። እሱ ሲያጨበጭብ ማጨብጨብ የአባልነት ግዴታ ነውና ሁሉም አጨበጨበ።

በዚያው ሰሞን እናትነሽን አፈር አማራት። የገጠር ሴት ስታረግዝ የግድግዳ ምርጊት ፍቃ ትበላለች፤ የኖረ ልማድ ነው። የቀማሹ ልጅ ግን እንዴት ምርጊት ትብላ? አባቷ በየማታው ከእርሻው ሲመለስ በጨርቅ ቋጥሮ ያመጣላት ጀመር።

«አባዬ፣ ይህ አፈር የት ነበር እስካሁን?» እያለች ትስቃለች። «ከእናቴ ቤት ግድግዳ ይበልጣል!»

«ቀስ በይ አንቺ። መሬቱን ጨርሰሽ ማኅበሩን እንዳታፈርሺው።»

ጎመኑ ለመለመ። አድማሴ «ምርጥ ተሞክሮ» ብሎ ጻፈ። መሐል ላይ ምስክር የምትባል የአፈር ባለሙያ ከአዴት የእርሻ ምርምር መጥታ ከየመደቡ አፈር በላስቲክ ዘግና ሄደች። ሁለት ወር ጠፍታ ስትመለስ፣ ቀኑ ከዞን እንግዶች ለጉብኝት የሚመጡበት ቀን ሆነ። ዳኘውን ከጎመኑ ዳር ጠራችው።

«አባባ፣ ውጤቱ መጥቷል። አፈሩ ውስጥ እርሳስ አለ። ብዙ ነው፤ ጎመኑም ይስበዋል።»

«ምን ነካሽ ልጄ! እኔ ቀምሼዋለሁ። ጣፋጭ ነው።»

ምስክር ፊቷ ተለዋወጠ። «የጣፈጠዎት እሱ ነው። እርሳሱ ነው የሚጣፍጠው።»

ዳኘው አፉን በእጁ ያዘ። «ነፍሰ ጡር ብትበላውስ?»

«ከደሟ ወደ ልጁ ያልፋል። የልጁን አእምሮ ይጎዳል። ለምን ጠየቁኝ?»

መኪኖቹ ደርሰው፣ አድማሴ እንግዶቹን አሰልፎ፣ አፈሩን በሳህን ይዞ እየመጣ ነበር። አፈር በሳህን! የአበባ ጉንጉን ብቻ ነበር የቀረው።

«አያ ዳኘው፣ ይቅመሱና ለክቡራን እንግዶቻችን ይመስክሩ!»

«መርዝ ነው» አለ ዳኘው። «ምላሴ ዋሸችኝ፤ እኔም ዋሸኋችሁ። ጎመኑን አትብሉ።»

አድማሴ ሳቁን ፈጥኖ አወጣው። «ጎጃም አይደል! ቅኔ ነው፣ ክቡራን። ሰሙን ትታችሁ ወርቁን ያዙ።»

«ሰምም ወርቅም የለውም። እርሳስ ነው» አለና ዳኘው የመጀመሪያውን መደብ ይነቅል ጀመር። እንግዶቹ ማስታወሻ ያዙ። ምን እንደጻፉ አይታወቅም፤ ምናልባት ቅኔውን።

ምስክር ተከትላው ቤት ድረስ መጣች። እናትነሽ በራፉ ላይ ተቀምጣ ነበር፤ አፈሩን የምታስቀምጥበት ቆርቆሮ ጭኗ ላይ ነው። ዳኘው ቆርቆሮውን ከጭኗ ላይ አነሣ።

«ምነው አባዬ?»

«ስንት ጊዜ በልተሻል?»

«ስንት ጊዜ ይላሉ እንዴ? በየቀኑ አይደል የሚያመጡልኝ?»

ክፉ አልተናገረችም። እንዲያው እንደ ልጅነቷ፣ የጠየቃትን ነው የመለሰችለት። ዳኘው ቁጭ አለ። የሆነውን ሁሉ አንድ በአንድ ነገራት፤ መጎምዘዙን፣ ጭጋጉን፣ ድንግል መሬት ነው ብሎ መተርጎሙን፣ የጣፈጠው እርሳስ መሆኑን። እሷ ሆዷን በሁለት እጇ ይዛ አዳመጠችው። ምስክር ዛሬውኑ እንድታቆም፣ ወተትና ጥራጥሬ እንድታዘወትር ነገረቻት፤ ደሟን ባሕር ዳር ሄዳ ስትሰጥ ናሙናው አዲስ አበባ ተልኮ ይታያል አለች። ልጁ ተጎድቶ እንደሆን ግን ማንም አሁን ሊናገር አይችልም፤ ተወልዶ፣ አድጎ፣ ሲናገር ነው የሚታወቀው።

በማግሥቱ ጧት አባትና ልጅ በአውቶቡስ ወደ ባሕር ዳር ተነሡ። ጭጋጉ መንገዱን ውጦት ነበር፤ ዛፉ፣ በሬው፣ ወደ ገበያ የሚሄደው ሰው ሁሉ ብቅ ብሎ ይቀልጣል። አምሮቱ ሲነሣባት ዳኘው ከኪሱ የሽምብራ ቆሎ በእፍኟ ያደርግላታል፤ እሷም ፊቷን ቋጥራ ትቆረጥመዋለች። ቡሬ ሲደርሱ ጭጋጉ ተገለጠ። በመንገዱ ዳር የተሰጣው በርበሬ ቀልቶ፣ ከወዲያ የታረሰው መሬት እርጥብ ሆኖ ይተናል።

እናትነሽ መስታወቱን በመዳፏ ጠረገች። «አባዬ፣ ያ የታረሰው ምን ምን ይላል?»

ዳኘው ዓይኑን ሊጨፍን ነበር፤ ተወው።

«እኔ እንጃ።»

«ቀምሰውት አያውቁም?»

«ቀምሼዋለሁ።»

ከኪሱ የቀረውን ቆሎ አውጥቶ እፍኟን ሞላላት፤ አውቶቡሱ ወደ ኮሶበር ቀጠለ።